ለቤት ሰርቨር አዲስ ማሽን አትግዢ፤ መጀመሪያ ሁለተኛ ቅጂ ይኑርሽ

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ እህታችን እንዲህ ትላለች፦ «ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። ኮር አይ ፋይቭ፣ አራተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም። ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሐርድ ዲስክም ሁለት አለኝ። የታላቅ እህቴ ሠርግ በዲቪዲ፣ የአባባ የመንዙማ ካሴቶች፣ እማማ ስልክ ላይ ያሉት ፎቶዎች፣ ሁሉም እዚህም እዚያም ተበትኗል። አንድ ቦታ ሰብስቤ ሳሎን ቲቪ ላይ ማየት እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜና ጅዳ ያለችው እህቴም እንዲያዩት። አንድ ሱቅ ግን ሰርቨር ካልገዛሽ አይሆንም አለኝ። መብራቱ ደግሞ ይሄዳል ይመጣል። ምን ልግዛ?»

አብሽሪ እህቴ። ሰርቨር አትግዢ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ሰርቨር ማለት ሳይጠፋ ቆሞ፣ ቲቪው ወይም ስልኩ «ይሄን ፋይል ስጠኝ» ሲለው የሚሰጥ ኮምፒውተር ነው። ያ ላፕቶፕሽ ለዚህ ይበቃል። እንዲያውም መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ እኔ ከዴስክቶፕ ላፕቶፕ እመርጣለሁ፤ ባትሪው ሆዱ ውስጥ ነው። ገንዘብ የምታወጪ ከሆነ ለመብራቱና ለቅጂው አውጪው።

እስቲ ያለሽን እንቁጠረው። የተለመደው ዲቪዲ የሚይዘው ቢበዛ 4.7 ጊጋባይት ነው። 20 ዲቪዲ ቢኖርሽ 94 ጊጋ። የአንድ ሰዓት ካሴት ሳይጨመቅ ከ600 ሜጋባይት ትንሽ ያልፋል። ፍላክ በሚባለው ዓይነት ስታስቀምጪው ድምፁ ሳይጎዳ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እንዲህ ዓይነት 50 ካሴት 20 ጊጋ አይሞላም። 20,000 ፎቶ እያንዳንዱ 4 ሜጋ ቢሆን 80 ጊጋ ነው። ሁሉም ተደምሮ 200 ጊጋ አይደርስም። ስለዚህ ባለ 1 ቴራው ዲስክሽ ገና ብዙ ዓመት ያኖርሻል። ትልቅ ዲስክ ግዢ የሚልሽን ሰው አትስሚው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ፤ ይሄን ሁሉ የምጽፍልሽም በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ደሴ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ለቢሮና ለቤት ኔትወርክ እዘረጋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሴት አያቴን ድምፅ የያዙ ካሴቶች ነበሩን። ቡና ላይ ስትመርቅ፣ የጥንቱን ስታወራ፣ ልጅ ስታባብል። አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸው። ከ40 በላይ ፋይል ሆነ። ያስቀመጥኩት አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ዲስኩ የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቁ ዓይነት ነበር፣ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ የሚሠራው። አንድ የክረምት ምሽት ነጎድጓድ እያለ መብራቱ ሄደ። መጣ። ወዲያው ደግሞ ሄደ። በሦስተኛው ሲመጣ ዲስኩ ተነሣ፤ ኮምፒውተሩ ግን «ፎርማት ላድርገው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እጄን ሰበሰብኩ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው «እሺ» ብሎ ይጫናል። አንቺ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከመጣብሽ «እሺ» አትበዪ። ዲስኩን ንቀዪና ቁጭ በዪ። እኔ ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አወጣኋቸው። ድምፁ ተመለሰ፣ ስሙ ግን የለም። ሁሉም ረጅም ቁጥር ሆኗል። እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ እያንዳንዱን ከፈትኩላት። ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። «ይሄ የሰርካለም ልደት ቀን ነው። ይሄ ደግሞ ቡና ሲፈላ ነው፣ ሲኒው ይሰማል፣ ስማው!» ትለኛለች። እኔ እጽፋለሁ። አራት ቅዳሜ ፈጀብን። ስድስቱ ጭራሽ አልተመለሱም።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሦስት ነገር አበላሽቻለሁ። ቅጂ አልነበረኝም። ዲስኩ መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሞት ነበር። የዲስኩ ፎርማት፣ ማለትም ፋይሎቹ የሚመዘገቡበት ሥርዓት፣ ደግሞ ኤክስፋት ነበር።

ከፎርማቱ ልጀምር፤ ሱቅ ማንም አይነግርሽም። የእድር ጸሐፊ ገንዘቡን ሳጥን ውስጥ ከማስገባቱ በፊት መዝገቡ ላይ ይጽፋል። መሀል ላይ ቢጠሩት እንኳ ተመልሶ ሲመጣ የት እንደደረሰ ያውቃል። ዲስክም እንዲህ ዓይነት መዝገብ የሚይዝና የማይዝ አለ። ኤክስፋት አይዝም። መብራት በመጻፍ ላይ ሳለ ቢቋረጥበት ዝርዝሩ ሊበላሽ ይችላል። ኢኤክስቲ 4 እና ኤንቲኤፍኤስ መዝገብ አላቸው። ላፕቶፑ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም የምትጭኚ ከሆነ ዋናውን ዲስክ ኢኤክስቲ 4 አድርጊው። ዊንዶውስ ላይ ከቀረሽ ኤንቲኤፍኤስ። ፎርማት ዲስኩን ባዶ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ውስጡ ያለውን መጀመሪያ ሌላ ቦታ አውጪ።

ወደ መብራቱ ልምጣ። ዲስኮችሽ ትንንሾቹ፣ በዩኤስቢ ገመዳቸው ብቻ የሚሠሩት ባለ 2.5 ኢንች ከሆኑ እሰየው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ከባትሪው ያጎርሳቸዋል። ዲስኩ መብራት መሄዱንም አያውቅ። ትልልቆቹ ባለ 3.5 ኢንች ከሆኑ ግን ያለ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪው ከሚያቆየው ዕቃ ውጪ፣ አትጠቀሚባቸው። የላፕቶፑን ባትሪ ደግሞ ፈትሺው። ቻርጀሩን ንቀዪና ሰዓት ያዢ። ግማሽ ሰዓት ካልቆየ ባትሪው ይቀየር። ከቆየ፣ 20 በመቶ ሲደርስ ላፕቶፑ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ አድርገሽ አስተካክዪው። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛም እንዲሁ። የላፕቶፑ ባዮስ (ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ማስተካከያ) ወይም የአምራቹ ፕሮግራም የሚፈቅድ ከሆነ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጊ፤ ሌት ተቀን 100 ላይ የሚቆም ባትሪ ቶሎ ያረጃል፣ ሊያብጥም ይችላል። ታችፓዱ ከፍ ከፍ ካለ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ አብጧል ማለት ነው። ላፕቶፑን አጥፍተሽ ለባለሙያ ስጪው። አትጫኚው፣ ስለታም ነገር አታስጠጊበት።

መብራት ከሚሄድበት ይልቅ የሚመጣበት ሰዓት ነው ዕቃ የሚያቃጥለው። ለፍሪጅ የሚገዛውን፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቀውን መከላከያ ለላፕቶፑም አድርጊለት። ላፕቶፑ በእነዚያ ደቂቃዎች በባትሪው ይኖራል። ለራውተሩ ደግሞ ትንሽዬ ሚኒ ዩፒኤስ አለ፣ መጠኑ የመጽሐፍ ያህል ነው። ከመግዛትሽ በፊት የራውተሩን አዳፕተር ገልብጠሽ አንብቢ። ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ይላል፤ ግን 9 የሚልም አለ። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት። አምፔሩ የዩፒኤሱ ቢበልጥ ችግር የለም፣ ካነሰ ግን ችግር ነው። ባጀት ካለሽ የመጀመሪያውን ብር እዚህ ላይ አውዪው።

ፍጆታውን ፈርተሽ ከሆነ፣ ስክሪኑ የጠፋ ላፕቶፕ ወደ 15 ዋት ይበላል። ወር ሙሉ ቢበራ 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። 60 ዋት የሚበላ አሮጌ ዴስክቶፕ ግን ወደ 43 ይደርሳል። ቆጣሪሽ ላይ ልዩነቱ ይታይሻል።

ቦታው። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፣ ስለዚህ ቡፌ ውስጥ ዘግተሽ አታስቀምጪው። ክፍት መደርደሪያ ላይ፣ ከታች ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አቧራ በማይመታው በኩል። የዲስኩ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ብዙ እንዳያልፍ። «ደሴ ከፍታ ስለሆነ ዲስክ ይበላሻል» የሚል ወሬም ሰምቼአለሁ። የብዙ ሐርድ ዲስኮች የአምራች ገደብ 3,048 ሜትር ነው። ደሴ 2,500 ገደማ ነች። ምንም አይሆንም። ይሄን ያነሣሁት ሁለተኛው ዲስክሽ ደሴ እንዲኖር ስለምፈልግ ነው።

አዎ፣ ደሴ። ሁለቱን ዲስክ አንድ ላይ አገናኝተሽ 2 ቴራ አታድርጊ። አንዱ የሌላው መስታወት ሆኖ አጠገቡ እንዲሠራም አታድርጊ። እንዲህ ሲሆን አንዱ ላይ በስሕተት የጠፋው ከሌላው ላይም በዚያችው ቅጽበት ይጠፋል። በፍላሽ የገባ ቫይረስም ሁለቱንም አንድ ላይ ይበላል። ሁለተኛው ዲስክ ተነቅሎ፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ ከተማ መቀመጥ አለበት። ደሴ አክስት ወይም ዘመድ አይጠፋሽም። በወር አንዴ የሀረጎን ዳገት ወደ ደሴ ስትወጪ ይዘሽው ተመለሺ፤ ወይም ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ዘመድ ያምጣልሽ። አዲሱን ገልብጠሽ መልሰሽ ላኪው። ከተሞቹ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

ይሄን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰው እንዴት እንደወጣ አንቺም ታውቂያለሽ። ልጁን አቅፎ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ የመጡ ሰዎች «ኮምፒውተሩ ይቅር፣ የልጆቼ ፎቶ ውስጡ ነበር» ሲሉ ሰምቼ የምመልሰው አልነበረኝም። ዲስኩ ከሌለ ባለሙያ ምንም አያደርግም። ሁሉን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጬ ልገላገል እንዳትዪ ደግሞ፣ በ2015 ክረምት አማራ ክልል ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስንት ወር እንደቆየ አይተናል። ፎቶሽ በደህና ተቀምጦ፣ አንቺ ግን አታዪውም። አንድ ቅጂ ቤት፣ አንድ ቅጂ ሌላ ከተማ፣ ሲቻል ሦስተኛ ቅጂ ወንድምሽ ጋ አዲስ አበባ።

ከመተማመንሽ በፊት ሁለቱንም ዲስኮች አስፈትሺ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ዲስኩ መታመም ጀምሯል ማለት ነው፤ የቤተሰብ ነገር አይቀመጥበትም። በጣም ርካሽ ሆኖ 2 ቴራ የሚል ፍላሽ ከተሸጠልሽ ደግሞ ኤችቱ ቴስት በሚባለው ፈትሺው። እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ ትክክለኛ መጠናቸው ትንሽ ነው፤ ከሞሉ በኋላ የምትጽፊበት ሁሉ ገደል ይገባል።

ፕሮግራሙ ላይ አልረዝምም። ለቪዲዮና ለድምፅ ጄሊፊን ጫኚ፤ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ለቲቪውና ለስልኩ የሚያቀርበው ፕሮግራም እሱ ነው። በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ ኤምቢ የሚባለው ፕሮግራም ለሁሉም ክፍት የነበረውን ኮዱን ሲዘጋ ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ነፃ ነው፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ቤት ውስጥ ይሠራል። ተመሳሳዩ ፕሌክስ የሚያምር ነው፤ ግን አካውንቱ በኢንተርኔት የሚከፈት ስለሆነ ለእኛ ሁኔታ አልመክረውም። ሌላም ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው፦ ከላፕቶፑ ወደ ቲቪው በቤትሽ ዋይፋይ ስታዪ ከፓኬጅሽ አንድ ሜጋ አይቆረጥም። መንገዱ ከራውተሩ አይወጣም። ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኚው። ራውተሩ ላይም ለላፕቶፑ ቋሚ አድራሻ ስጪው፤ አለበለዚያ መብራት በሄደ ቁጥር አድራሻው ሊቀየርና ቲቪው «አላገኘሁም» ሊልሽ ይችላል። ቲቪሽ ስማርት ካልሆነ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ሰክተሽ መገላገል ነው።

ሊኑክስ ለመማር ፍላጎት ካለሽ ዴቢያን የሚባለው ዓይነቱ ጥሩ ነው፤ ሳይነካ ለወራት ይቆማል። ከሌለሽ ዊንዶውሱ ላይ ጄሊፊንን ጫኚና ኑሪ። ብቻ ዊንዶውሱ በሌሊት አፕዴት ብሎ ፓኬጅሽን እንዳይጨርስ የዋይፋዩን ግንኙነት «ሚተርድ» (ተለክቶ የሚከፈልበት) ብለሽ ምልክት አድርጊበት። በኬብል ከሆነም ለኬብሉ እንደዚያው።

ዲቪዲዎቹን ዛሬ ነገ አትበዪ። ቤት ውስጥ የተቀዳ ዲቪዲ እያደር ይደክማል። ለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ ይዘሽ ከመሀል ወደ ጠርዝ ጥረጊ፣ ዙሪያውን አታሽከርክሪው። የዙሪያ ጭረት ዳታው የተጻፈበትን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ የባሰ ይጎዳል። ሙሉውን እንዳለ ገልብጪው። ከዚያ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኤች 264 ወደሚባለው የቪዲዮ ዓይነት ቀይረሽ ኤምፒ 4 አድርጊ። ምክንያቱ ላፕቶፕሽ ነው። አራተኛው ትውልድ ኤች 264ን በቀላሉ ይፈታል፣ አዳዲስ ስልኮች የሚቀዱበትን ኤች 265 ግን በቺፑ አይችልም። ቲቪው ካልቻለና ላፕቶፑ በየጊዜው እየተረጎመ እንዲያሳይ ከተገደደ ፋኑ ይጮሃል፣ ምስሉ ይንቀራፈፋል። ሌሊት አንዴ መቀየር ይሻላል። የተገለበጠውን ዋናውን ግን አትሰርዢው፤ ቦታ አለሽ።

የአባባ ካሴቶች ላይ ደግሞ ጊዜ ስጪ። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ከመቅዳትሽ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ አጠንጥነሽ መልሺው፣ ቴፑ ተጣብቆ የቆየ ከሆነ ይላቀቃል። የማጫወቻውን ራስ፣ ቴፑ እየነካ የሚያልፍበትን ብረት፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጊ። ቴፕ ካሴቱ ላይ አባባ በእጃቸው የጻፉት ካለ ፎቶ አንሺውና ከድምፁ ጋር አስቀምጪው።

ስም አወጣጥ ላይ ብዙ ሰው ሲሳሳት አያለሁ። በፊደላችን ጻፊ፣ ይሠራል። ሁለት ነገር ብቻ እወቂ። አንዱ ርዝመት ነው። ሊኑክስ ላይ አንድ የፋይል ስም 255 ባይት ነው። የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ከ85 ፊደል በላይ አይሄድልሽም። ሌላው ሆሄ ነው። «ሠርግ» ብለሽ ያስቀመጥሽውን «ሰርግ» ብለሽ ስትፈልጊ ኮምፒውተሩ የለም ይልሻል። ሀ፣ ሐ እና ኀም እንዲሁ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። አንድ ወረቀት ላይ «በዚህ ቤት ሠርግ በንጉሡ ሠ ይጻፋል» ብለሽ ወስኚና ሁሉም በዚያ ይሂድ።

ቀኑም እንዲሁ። የፎቶ ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። ፎልደሩን በእኛ ቆጣጠር ሰይሚው፣ የፎቶውን ቀን ግን በእነሱ አስገቢ። ዓመቱ ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ 7፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን ባለው ደግሞ 8 ትደምሪያለሽ። ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ያለው ሳምንት ብቻ ነው የሚያደናግረው። የእህትሽ ሠርግ ጥር 1996 ከነበረ በእነሱ 2004 ነው። ስካን የተደረገ አሮጌ ፎቶ ሁሉ ስካን በተደረገበት ቀን ስለሚሰለፍ፣ ካላስተካከልሽው የእማማ ወጣትነት ካለፈው ወር ልደት አጠገብ ይቀመጣል።

የእማማ ስልክ። ለዚህ ኢሚች የሚባል ፕሮግራም አለ። ስልኩ ቤት ሲገባ ፎቶዎቹን ራሱ ወደ ላፕቶፑ ይልካል። ቢያንስ 6 ጊጋ ራም ይፈልጋል፣ ያንቺ ይችለዋል። ፊት የመለየት ሥራውን ለጊዜው አጥፊው፤ ማሽኑ ያረጀ ነው። ለመጫን ጥቂት ጊጋ ስለሚያወርድ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አድርጊው። የፕሮግራሙ ሠሪዎች ራሳቸው ብቸኛ ማስቀመጫችሁ አታድርጉት ይላሉ፣ እኔም እንዲያው እላለሁ። እስከዚያው ቤተሰቡ በቴሌግራም ፎቶ ሲላላክ «ፋይል» ብሎ ይላክ። «ፎቶ» ተብሎ ሲላክ ጥራቱ ያንሳል፣ ያነሰው ደግሞ አይመለስም።

ወንድምሽና እህትሽ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። ራውተርሽ ላይ በር ከፍተሽ ላፕቶፑን ለዓለም አታጋልጪ። በሞባይል ኢንተርኔት ከሆነማ ብዙውን ጊዜ አይሆንልሽም፣ አንዱን አድራሻ ብዙ ደንበኛ ይጋራዋል። ቴይልስኬል የሚባለው ለግል አጠቃቀም ነፃ ነው። ሦስታችሁንም በአንድ የተመሰጠረ መስመር ያገናኛችኋል። ጄሊፊን ላይ የውጭውን ፍጥነት 1 ሜጋቢት ላይ ወስኚ። እንዲያም ሆኖ አንድ ሰዓት ቪዲዮ ሲያዩ 450 ሜጋባይት ካንቺ ፓኬጅ ይወጣል። ሁለቱ በየምሽቱ ቢያዩ አትችዪውም። ፎቶና መንዙማ በዚህ ይሂድ። የሠርጉን ሙሉ ቪዲዮ ግን ጅዳ ለሚሄድ ሰው 128 ጊጋ ፍላሽ አስይዢው። ያውም አንድ ተጨማሪ ቅጂ ሆነ ማለት ነው።

ደሴ የሚቀመጠው ዲስክ ላይ የእማማና የእህቶችሽ ፎቶ ስላለ ቬራክሪፕት በሚባለው ፕሮግራም በይለፍ ቃል ቆልፊው። የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፈሽ እማማ ወርቃቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ይቀመጥ። ያንቺ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ቃል ለቤተሰቡ የተዘጋ በር ነው። በየወሩ ዲስኩ ሲመጣም ዝም ብለሽ አትገልብጪበት። መጀመሪያ አሥር ፋይል በዘፈቀደ ከፍተሽ እዪ፣ ስሚ። አንዱ እምቢ ካለ ያን ቀን ለእኔ ጻፊልኝ።

ደሴ ስትመጪ ሁለቱንም ዲስኮችና የራውተሩን አዳፕተር ይዘሽ ነይ። ፎርማቱን አብረን እናደርገዋለን። ከካሴቶቹም አንዱን አምጪ፣ በጣም የምትሳሺለትን ሳይሆን ሌላውን፤ አገለባበጡን በእሱ ላይ አሳይሻለሁ።